ከፈረስ መጋላ የወጣው ቃሬዛ

መጋቢት 30 ቀን 1883 ዓ.ም. ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አሥራ ስድስት ሰዎች አንድ ነጋዴ በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር ወጡ። ነጋዴው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ዕድሜው 36 ነበር። ቀኝ ጉልበቱ ከማበጡ የተነሣ ኋላ ከኤደን ለቤተሰቡ ሲጽፍ ከትልቅ ዱባ ጋር አመሳስሎታል። ቃሬዛውን ያሠራው ራሱ ነው፤ ከፀሐይና ከዝናብ እንዲከልለው ከላይ ሸራ አስወጥሮበታል። እስከ ዘይላ ወደብ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠብቀው ነበር።

ዛሬ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የሚቆም እንግዳ አስጎብኚ ካገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የራምቦን ቤት አይተሃል?» ተብሎ ነው። በአደባባዩ በአንድ ወገን የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ በሌላው ወገን ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደርድረው የሚያንቀጫቅጩባት፣ መኪና ግርግር የተባለችው ጎዳና ትጀምራለች። አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎችም ሰው ሲጠብቁ የኖሩት እዚሁ ነው። ለጎብኚ የሚታየው ባለ ሰገነቱ ቤት ግን ራምቦ ከሞተ ዓመታት በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የባርዴ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ሲመጣ ከተማዋ በግብፆች እጅ ነበረች፤ የሠራበትም ቤት ከአምስት ዓመት በፊት ሐረርን የያዘው የራውፍ ፓሻ መኖሪያ የነበረው፣ አደባባዩን የሚያየው ሕንጻ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ አገሩ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ እጅ ገብቶ፣ ገዢው ራስ መኰንን ሆነው ነበር። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ኤደን ይልካል፤ ጨርቅና ቁሳቁስ ያስመጣል።

ስለ ገጣሚው ራምቦ ብዙ ተጽፏል። ስለ በሽተኛው የተጻፈው ያንሳል። ሐረር ግን በቅርብ የምታውቀው በሽተኛውን ነው።

ሕመሙ የጀመረው ከሐረር በወጣበት በ1883 ዓ.ም.፣ በየካቲት ገደማ ነው። መጀመሪያ የደም ሥር እብጠት መስሎት እናቱን ለእግሩ የሚሆን ላስቲክ ካልሲ እንድትልክለት በደብዳቤ ጠየቀ። ሥራውን አላቆመም፤ በበቅሎም በእግሩም ይዞራል። ጉልበቱ መታጠፍ እንቢ ሲል አልጋውን መስኮት አጠገብ አስጠጋ፤ ከዚያ ተኝቶ ግቢው ውስጥ ያለውን ሚዛን እያየ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ይቆጣጠር ነበር። ለተጨማሪ ጠባቂም ገንዘብ ከፈለ። ከተማዋ ያን ጊዜ ሆስፒታል አልነበራትም። የተሰበረ የሚጠግን ወጌሻ፣ ቅጠልና ሥር የሚያውቅ አዋቂ፣ በየአድባሩ ደግሞ ለጤና የሚለመን ወሊ ነበራት፤ ሴቶች የሚያዘወትሩት የአይ አቢዳ መቃብር ከነዚህ አንዱ ነው። በአጥንቱ ውስጥ የሚያድግን ካንሰር ግን ከነዚህ አንዳቸውም የሚያቆሙት አልነበረም። በኋላ እንደታየው የማርሴይ ሐኪሞችም አላቆሙትም።

የጉዞውን ነገር ራሱ ቀን በቀን በአጭር አጭሩ ጽፎታል። እነዚያ ጥቂት ገጾች በዚህ አገር በሽተኛን ተሸክሞ ስለ መሄድ በዝርዝር የሚናገሩ ናቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ተሸካሚዎቹ ይቸገራሉ። አንድ ቀን የታመመውን እግሩን በበቅሎዋ አንገት ላይ አሳስሮ ለመቀመጥ ሞከረ፤ ከደቂቃዎች በላይ አልቻለም፤ ወርዶ ኋላ ወደ ቀረው ቃሬዛ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ያዛቸው። ግመሎቹ ጭነት እንቢ ብለው ቀሩ፤ ቃሬዛው ቀድሞ ሄደ፤ ድንኳኑና ስንቁ ከግመሎቹ ጋር ነበር። ዝናቡ 16 ሰዓት ሲወርድ በሽተኛው አንድ ቁርበት ለብሶ አደረ። ግመሎቹ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሲደርሱ ተሸካሚውም ታማሚውም እህል ከቀመሱ 30 ሰዓት ሆኗቸው ነበር።

በአንድ ማረፊያ ሲደርሱ ቃሬዛውን መሬት ጣሉት። ራምቦ በአራት ሰዎች ላይ አንድ አንድ ጠገራ ብር ቅጣት ጣለ፤ ስማቸውንም መዘገበ። አሥራ ስድስት ሰዎች ለአሥራ ሁለት ቀን ገደማ በትከሻቸው ተሸክመው አንድን ሰው ከደጋ ወደ ባሕር አውርደዋል፤ በጽሑፍ የቀረው ግን የተቀጡት የአራቱ ስም ብቻ ነው። ይህን ማንበብ ያማል። ራምቦን ክፉ ለማለት አይደለም፤ በዚያ ሕመም ውስጥ ቃሬዛው ሲወድቅ ምን እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የመጡት የታሪክ ጸሐፊዎችም ተሸካሚዎቹን በቁጥር ብቻ አልፈዋቸው መሄዳቸው ነው።

ከዘይላ በጀልባ ወደ ኤደን ተሻገረ፤ ሦስት ቀን መርከቧ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት። ከኤደን ደግሞ «አማዞን» በተባለች መርከብ ግንቦት 20 ቀን 1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ደረሰ። ከሳምንት በኋላ፣ በወሩ 27ኛ ቀን፣ በኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ቀኝ እግሩ ተቆረጠ።

ከሦስት ቀን በኋላ ለራስ መኰንን ደብዳቤ ጻፈ። እግሩ መቆረጡን ነገራቸው፤ አሁን ደኅና መሆኑን፣ በሃያ ቀን ውስጥ ፈጽሞ እንደሚድን፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ሐረር ተመልሶ እንደ ቀድሞው እንደሚነግድ ገለጸላቸው። ሃያ ቀን! ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የነቃ ሰው ሁሉ ይህን ስሌት ያውቀዋል። ስፌቱ የሚደርቅበት ቀን የሚድንበት ቀን ይመስለዋል።

ቁስሉ በእርግጥ ቶሎ ደረቀ። ችግሩ ሌላው ሁሉ ነበር። ክራንች ሲያነሣ ብብቱ ይቆስላል፤ ደኅናው እግሩ ይደክማል፤ ሚዛኑን ስቶ እንዳይወድቅ ይፈራል። የእንጨት እግር አሠራ፤ ቢያጠልቀው ጉማጁ እያበጠ አስጥሎታል። እንቅልፍ የለውም። እናቱ ወደ ማርሴይ መጥታ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቆይታ ወደ እርሻዋ ተመልሳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለእኅቱ ለኢዛቤል በሚልካቸው ደብዳቤዎች በተራራና በበረሃ በፈረስ የተመላለሰበትን ዘመን ያነሣና አሁን ከወንበር ወደ አልጋ ለመሻገር ሰው እንደሚጠብቅ ያማርራል። ሐምሌ ላይ ወደ እናቱ እርሻ ሄደ። አንድ ወር ቆይቶ ብሶበት ተመለሰ፤ አሁን ኢዛቤል አብራው ነበረች። ካንሰሩ ተሰራጭቶ ቀኝ እጁንም ነሣው። ኅዳር 10 ቀን 1891 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ኢዛቤል በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የጻፈችው አንድ ነገር አለ። ወንድሟ ሲቃዥ አንዳንዴ እሷን «ጃሚ» እያለ ይጠራት ነበር። ጃሚ ሐረር ውስጥ ያገለግለው የነበረው ወጣት ነው። ማርሴይ አልጋ ላይ ተኝቶ ትራሱን የምታቀናለት፣ ውሃ የምታቀርብለት እጅ የማን እንደሆነች ሲጠፋው፣ አእምሮው ያመጣለት ስም የሐረሩን አስታማሚ ነው። ሊሞት ሲል ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተናዟል። ራስ መኰንንም የእግሩን መቆረጥ ሰምተው የኀዘኔታ ደብዳቤ ልከውለታል።

ሐኪም ለሰዓታት የሚሠራው ሥራ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታትና ወራት የሚሸከሙት ሰዎች አይጻፉም። በሐረርም በማርሴይም እንዲሁ ነው። በሐረር ያለው ልዩነት፣ ማስታመም ከሆስፒታል በፊት ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ሥርዓት የወጣለት ሙያ መሆኑ ነው። ለዚህ ምስክሩ አራስ ቤት ነው። በከተማዋ ግንብ በጁገል ውስጥ በነባሮቹ በሐደሬዎች ቤትም ሆነ ከጁገል ውጭ በአማራውና በኦሮሞው ቤት፣ የወለደች ሴት እስከ አርባ ቀን ከባድ ነገር አታነሣም፤ ብርድ አይነካትም፤ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ መረቁ፣ አብሹ በየተራው ይቀርባል። አብሽ ጡት ውስጥ ወተት ይጨምራል ተብሎ ይታመናል፤ በሐረር ደግሞ አብሽ በክብር ማዕድም ይቀርባል። ማን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ማን ልብስ እንደሚያጥብ፣ ማን ትልልቆቹን ልጆች እንደሚወስድ የሚያደራጁት ሴቶች ናቸው። ሐደሬ ሴቶች ለደስታና ለኀዘን የሚሰባሰቡበት አፎቻም በዚሁ የመተጋገዝ ልማድ የቆመ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት ሆስፒታል ገብታ በቢላዋ ተነክታ ስትመለስ የሚጠብቋት እነዚሁ ሴቶች ናቸው፤ የሚያውቁትም ሥርዓት የአራስ ሥርዓት ነው።

ሆስፒታሉ የመጣው ራምቦ ከሄደ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ራስ መኰንን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የጓዴሎፕ ተወላጅ የሆነውን ጥቁር ሐኪም ዶክተር ጆዜፍ ቪታልየንን ሐረር አምጥተው ሆስፒታል አስከፈቱት። ቪታልየን በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ የዳግማዊ ምኒልክ ሐኪም ሆኗል። ራስ መኰንን ራሳቸው ግን በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመው፣ ቁልቢ ላይ መጋቢት 13 ቀን አረፉ።

በዚያው ዘመን፣ በ1901 እ.ኤ.አ.፣ የካፑቺን ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። አባ ማሪ በርናር ሥራውን ጀመሩት፤ የኋላው ንጉሠ ነገሥት የልጅነት መምህር የነበሩት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ደገፉት። በኋላ ፈረንሳዊው ዶክተር ዣን ፌሮን በሕሙማኑ ዘንድ ረጅም ዘመን ኖረ፤ ከኤረር በር ውጭ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ ገንደ ፌሮን ይባላል። የሐረር ድምፅ ጀርመን ድረስ ተሰምቶ በ1957 እ.ኤ.አ. በቩርዝቡርግ ከተማ የሥጋ ደዌ መርጃ ድርጅት ተመሠረተ፤ ድርጅቱም ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ቢሲዲሞ ሆስፒታል፣ እርሻና መንደር ማቋቋም ጀመረ። የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነው።

የሥጋ ደዌ ታሪክ እዚህ ላይ የሚነሣው ምክንያት አለው። ሰው ሰውነቱን ስለ መልኩ ሲል ለቢላዋ የሚሰጥበት ዘመን በኢትዮጵያ ሲታሰብ ቀድመው የሚመጡት እነዚህ ሕሙማን ናቸው። በሕንድ ቬሎር የሠራው እንግሊዛዊው ዶክተር ፖል ብራንድ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የታጠፈ ጣትን ጅማት በማዛወር እንዲዘረጋ አደረገ። ሕሙማኑ እጃቸው ተስተካክሎም ሥራ የሚሰጣቸው አጡ፤ ፊታቸው ይናገርባቸው ነበር። ስለዚህ የረገፈ ቅንድብ ከራስ ቆዳ እየተወሰደ መተካት፣ የሰመጠ አፍንጫ መቃናት ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት ይህን ሙያ በአፍሪካ ካስተማሩት ተቋማት ዋናው ሆነ። ጅማቱ የተዛወረለት ሰው ሦስት ሳምንት ያህል እጁ በጀሶ ታስሮ ይቆያል። ጀሶው ሲፈታ እጁ አይታዘዘውም፤ ለሌላ ሥራ የተፈጠረውን ጅማት አዲስ ሥራ ለሳምንታት ማስተማር አለበት። ይህን ካላደረገ ቀዶ ጥገናው እንዳልተደረገ ይሆናል።

መልክን የሚያስተካክለው ያው የቀዶ ጥገና ዘርፍ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሂዩስተን ውስጥ ሌላ በር ከፈተ። ቲሚ ጂን ሊንድዚ የምትባል የልጆች እናት ጡቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ለማስጠፋት ወደ ሐኪም ሄዳ፣ ሐኪሞቹ ፍራንክ ጌሮውና ቶማስ ክሮኒን አዲስ የሠሩትን የሲሊኮን ከረጢት እንዲያስገቡላት ጠየቋት። እሷ የምትፈልገው ጆሮዋ እንዲስተካከል ነበር፤ በሁለቱም ተስማሙ። በሲሊኮን ከረጢት ጡቷን ያስተለቀች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስትጠየቅ ስለ መልኳ ብቻ አላወራችም፤ ከማደንዘዣው ስትነቃ ደረቷ ላይ ዝሆን የተቀመጠ ያህል እንደተሰማት ተናግራለች።

ያ ክብደት የሚመጣው የተለጠጠው ቆዳና ጡንቻ ባዕድ ነገር ሲያቅፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምና እብጠት አላቸው። ሳምንታት ልጅ ማቀፍ፣ እንስራ ማንሣት፣ እጅን ከራስ በላይ መዘርጋት አይፈቀድም። ደም ከውስጥ ቢጠራቀም፣ ትኩሳት ቢነሣ፣ አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ቢያብጥ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። የገባው ከረጢት ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ ብዙዎቹ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ሌላ ቀዶ ጥገና ይጠብቃቸዋል። በዚህ ዘመን ብዙ ሴት ርቃ ሄዳ፣ ለዘመድ ሳትናገር ታደርገዋለች። አፍራ የደበቀችው ቁስል አስታማሚ የለውም። አራስን አርባ ቀን የምትጠብቅ ጎረቤት ይቺን ሴት እንዳትጠብቅ የሚያደርጋት ሐሜት ነው፤ ሐሜቱ ደግሞ ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እውነተኛ ነው።

ማርሴይ በዚህ ታሪክ ውስጥም ተመልሳ ትመጣለች። ከዚያች ከተማ በማይርቀው የፈረንሳይ ደቡብ ዳርቻ የነበረ ፒ.አይ.ፒ. የተባለ ፋብሪካ ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን እየሞላ የጡት ከረጢት ለዓለም ሲሸጥ ኖሮ በ2010 እ.ኤ.አ. ተደረሰበት። በፈረንሳይ ብቻ 30,000 ያህል ሴቶች ያንን ዕቃ ተሸክመው ነበር። በ2011 መጨረሻ መንግሥት እንዲያስወጡት መከራቸው። ክሱ በ2013 የታየው ማርሴይ ላይ ነው፤ የራምቦ እግር ከተቆረጠ ከ122 ዓመት በኋላ። ከሳሽ ሴቶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ስለነበሩ ችሎቱ የተሰየመው በትልቅ አዳራሽ ነበር። የፋብሪካው መሥራች ዣን ክሎድ ማስ አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሴቶቹ ድነናል ብለው ወደ ቤታቸው ከገቡ ቆይተው ነበር።

ወደ ሐረር ስንመለስ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለውን ጊዜ ከማንም በላይ በቁም ነገር የያዘው የፊስቱላ ሕክምና ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፊስቱላ ሆስፒታላቸውን ከፈቱ። በኋላም በየክፍለ ሀገሩ ማዕከላት ሲቋቋሙ ከባሕር ዳር፣ ከመቐለና ከይርጋለም ቀጥሎ ተራው የሐረር ሆነ። ወደዚህ የምትመጣው ሴት ምጥ ለቀናት ጸንቶባት፣ ልጇ ሞቶ፣ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ናት። ብዙዎቹ በባልና በጎረቤት የተገለሉ ናቸው። አራስ ቤት ያልተሠራላት ሴት ማለት እሷ ናት።

በፊስቱላ ሕክምናው ሕሙማኑን ከሚያስታምሙት መካከል ብዙዎቹ ቀድሞ ታክመው የዳኑ ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው ስሟ በዓለም የታወቀው ማሚቱ ጋሼ ናት። ሆስፒታሉ ከመከፈቱ በፊት፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ወደ ሐምሊኖቹ ራሷ ታካሚ ሆና መጣች። አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ከዚያ ለሐኪሞቹ ዕቃ ማቀበል፤ ከዚያ መስፋት፤ በመጨረሻም የተማሩ ሐኪሞችን ፊስቱላ መጠገን ማስተማር። ስትመጣ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ንጉሣዊ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኮሌጅ ለአዲስ አበባው ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ቡድን የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልም ሽልማቱን ከሐምሊኖቹ ጋር ተካፍላለች። የአስታማሚ እጅ ስም አግኝቶ በመዝገብ ሲሰፍር ከታዩት ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ከጥገናው በኋላ ሴቲቱ ሁለት ሳምንት ያህል ካቴተር ተደርጎላት ትቆያለች። ቱቦው እንዳይዘጋ ብዙ ውሃ መጠጣት አለባት። ውሃ መጠጣት ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሽታው እንዳያሳፍራት ስትል ለዓመታት ውሃ እየቀነሰች የኖረች ናት። ስለዚህ አጠገቧ ያለችው አስታማሚ፣ እሷም አንድ ቀን በዚያው አልጋ የተኛችው፣ ብርጭቆ ይዛ ትቀመጣለች፤ አንሶላው ደርቆ ማደሩን እያሳየች ታበረታታታለች። ቱቦው ወጥቶ ጥገናው መያዙ ሲረጋገጥ አዲስ ልብስ ይሰጣታል። ከዚያ ለእሷና ሊወስዳት ለመጣው ዘመድ ምክር ይነገራል፤ ለወራት ከባድ ሸክም እንዳታነሣ፣ ከባሏ ጋር ብትታረቅም እስክትጠና እንዲታገሥ፣ ደግማ ብታረግዝ ምጥ ሳይጀምራት ወደ ሆስፒታል መጥታ በቀዶ ጥገና እንድትወልድ።